አይጧ በርዷት ነበር፦ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ነርቭና ስለ ካንሰር የሚነገረንን እንመርምር

«ብስጭት ነው የጨረሳት።» ካንሰር የወሰደው ሰው ልቅሶ ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህችን አረፍተ ነገር ሳትሰሟት አልቀራችሁም። አንዱ ትዳሯን ያነሳል፣ ሌላው የልጇን ስደት፣ ሦስተኛው ዓመታት የፈጀውን የቤት ክርክር። ድሮ የልቅሶ ቤት ወሬ ብቻ ነበር። አሁን ግን አንድ ቅጥያ ተጨምሮበታል፦ «ሳይንስም አረጋግጦታል።»

አረጋግጦታል እንዴ? እስቲ አረጋገጡ የተባሉትን ጥናቶች ራሳቸውን ገልጠን እንያቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሠለጠንኩት በምህንድስና ነው። ስለዚህ ጥናት ሳነብ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች የመሐንዲስ ናቸው፦ ምን አስገቡ? ምን ለኩ? መለኪያው ዜሮ የሚለው የት ጋ ነው? በዚህ ዓይን ሲነበቡ ጥናቶቹ ከሚወራላቸውም በላይ ይገርማሉ። ወሬው ግን ብዙ ቦታ ላይ ይወልቃል።

መጀመሪያ ስለ ሽቦው። በአከርካሪያችን ግራና ቀኝ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደሩ የነርቭ ቋጠሮዎች አሉ። ከእነሱ የሚወጡ ቀጫጭን ክሮች የደም ሥርን እየተከተሉ ልብ፣ ሳንባ፣ አንጀት፣ ጉበት፣ የአጥንት መቅኒ ሳይቀር ይገባሉ። ሲምፓቴቲክ የነርቭ ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው። ውሻ ሲያባርራችሁ ልባችሁን የሚያስደልቅ፣ የሳንባችሁን ቧንቧ የሚያሰፋ፣ የምሳችሁን መፈጨት «ቆይ፣ በኋላ» የሚል እሱ ነው። መልእክቱን የሚልክበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በሽቦ፦ የነርቩ ጫፍ ኖርአድሬናሊን የሚባል ኬሚካል እዚያው ሥጋው ውስጥ ይለቃል። ሁለተኛው እንደ ሬዲዮ ነው፦ ኩላሊት ላይ የተቀመጠችው አድሬናል ዕጢ አድሬናሊንን ደም ውስጥ ትረጫለች፤ መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማል። (ይህችኛዋ ጤነኛ ዕጢ ናት። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሚጠቀም ከአሁን በኋላ የበሽታውን «የካንሰር ዕጢ» እያልኩ እለየዋለሁ።)

ሌላም ሥራ አለው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ። እናንተ ግን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እፈልገዋለሁ። ሲበርደን ሰውነታችን ሙቀት እንዲያመርት የሚያዘው ይኸው ሥርዓት ነው።

እንግዲህ የካንሰር ዕጢ ባዶ ሜዳ ላይ አይበቅልም። ደም ሥር ይፈልጋል፤ ደም ሥር ባለበት ደግሞ ሲምፓቴቲክ ነርቭ አይጠፋም። ብዙ የካንሰር ሴሎች በገጻቸው ላይ ቤታ 2 የሚባለውን የአድሬናሊን መቀበያ ተሸክመው ይገኛሉ። ኖርአድሬናሊኑ መቀበያው ላይ ሲቀመጥ በሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የምትባል ትንሽ ሞለኪውል ትበዛለች፣ እሷም ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የሚባለውን ኢንዛይም ትቀሰቅሳለች፣ እሱም የትኞቹ ጂኖች እንደሚሠሩ ይቀይራል። ልብ ውስጥ ተመሳሳዩ ምልክት «ፍጠን» ማለት ነው። የካንሰር ሴል ውስጥስ? ጥናቶቹ የተነሱት ከዚህ ጥያቄ ነው።

በዚህ ዘርፍ ተደጋግመው ከሚጠቀሱት አንዱ የ2006ቱ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሂዩስተን፣ ቴክሳስ የሚገኘው የኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ተመራማሪው አኒል ሱድና ባልደረቦቹ ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት አወጡት። የሰው የኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል ማምረቻ፣ ካንሰር ሴሎችን አይጦች ሆድ ውስጥ ጨመሩ። ከፊሎቹን አይጦች በቀን 2 ሰዓት መላወሻ በሌለው ጠባብ ቦታ አቆዩአቸው፤ ለ21 ቀን። የታፈኑት አይጦች የካንሰር ዕጢ በቁጥርም በክብደትም በለጠ። ሲከፍቱት በደም ሥር ተሞልቷል። ቪኢጂኤፍ የሚባለው፣ ደም ሥር እንዲበቅል የሚያዘው ፕሮቲን ጨምሯል።

እስከዚህ ድረስ ቢያቆሙ ኖሮ «ታፈኑ፣ ባሰባቸው» ከማለት አያልፍም ነበር። አይጥ ሲታፈን ብዙ ነገር ይቀየራል፤ ምግብ ይቀንሳል፣ እንቅልፉ ይረበሻል፣ ሌሎች ሆርሞኖችም ይነሳሉ። የእነዚህ ሰዎች ብልሃት ሽቦውን መነካካታቸው ነው። ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን መድኃኒት ሰጡ። ይህ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ የፈለሰፈው፣ በ1988 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎቹ አንዱ የሆነው፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚታዘዘው ክኒን ነው። ሥራው የአድሬናሊን መቀበያዎችን መድፈን ነው። መቀበያው ሲደፈን አይጦቹ ቢታፈኑም የካንሰር ዕጢው አልፈረጠመም። በተቃራኒው ሳያፍኑ መቀበያውን በመድኃኒት ቢያበሩት፣ እንደታፈኑት ሆነ። ማብሪያ ማጥፊያውን ነክቶ አምፖሉን ማየት ማለት ይኼ ነው። እኔ ለዚህ ባርኔጣዬን... ባርኔጣ የለኝም እንጂ አነሳ ነበር።

አንድ ቅር የሚለኝ ግን አለ። የሰው ሴል አይጥ ውስጥ እንዲያድግ የአይጡ መከላከያ መተኛት አለበት፤ ስለዚህ የተጠቀሙት ቲ ሴል የሌላቸውን አይጦች ነው። ነርቭና ካንሰር ሲነጋገሩ ሦስተኛው ወገን፣ የሰውነት ዘበኛ፣ በአብዛኛው ከክፍሉ ወጥቷል።

ዘበኛውን ወደ ክፍሉ የመለሰው የ2010ሩ ጥናት ነው፤ ኤሪካ ስሎን፣ ስቲቭን ኮልና ባልደረቦቻቸው ካንሰር ሪሰርች ላይ ያወጡት። ከሁሉም በላይ እንድታውቁት የምፈልገው ይህን ነው። መከላከያቸው ጤነኛ የሆነ አይጦች፣ የአይጥ የጡት ካንሰር፣ ተመሳሳዩ ማፈን። ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ነበር። ጡቱ ላይ ያለው የካንሰር ዕጢ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳየም። ቢለኩት በታፈኑትም ባልታፈኑትም ተቀራራቢ ነው። ሌላው አካል ሲታይ ግን፣ እንደ ሊምፍ ዕጢና ሳንባ ባሉ ሩቅ ቦታዎች የደረሰው ካንሰር በታፈኑት 30 እጥፍ ገደማ በለጠ።

ቆም ብላችሁ አስቡት። እናቱ ዕጢ ስታያት ሰላም ናት፤ ልጆቿ ግን አገር ሞልተዋል። የጡት ካንሰር ደግሞ በአብዛኛው የሚገድለው ጡት ላይ ስላለ ሳይሆን ስለተሠራጨ ነው። እንዴት ሆነ? ተመራማሪዎቹ ያገኙት መልስ ማክሮፌጅ ነው። ማክሮፌጅ ጀርምና የሞተ ሴል የሚበላ፣ ቁስል ሲኖርም ጥገና የሚመራ የመከላከያ ሴል ነው። የሲምፓቴቲኩ ምልክት ሲበረታ ማክሮፌጆች ወደ ካንሰር ዕጢው ይጎርፋሉ፤ ገብተውም የጦረኛውን ሳይሆን የጠጋኙን ጠባይ ይይዛሉ። ደም ሥር ማስፋት፣ ሕብረ ሕዋስ ማላላት፣ መንገድ መክፈት። ለቁስል ደግ ሥራ ነው፤ ለካንሰር ግን የመውጫ በር ነው። ማክሮፌጆቹን የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ ማፈኑ የሚያመጣው ተጨማሪ ስርጭት ቀረ። ፕሮፕራኖሎልም እንዲሁ አስቀረው።

በነገራችን ላይ ያቺ «30 እጥፍ» ወሬ ውስጥ ስትገባ ትንሽ ትንገዳገዳለች። ሴሎቹ ብርሃን እንዲሰጡ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው፤ የተለካውም ከአይጡ ሰውነት የሚወጣው ብርሃን ነው። ብርሃን ጥሩ መለኪያ ነው፤ እኔም ብሆን እሱን ነው የምመርጠው። ነገር ግን 30 እጥፍ ብርሃን ማለት 30 እጥፍ የመሞት ዕድል ማለት አይደለም። እንዲያ ተብሎ ሲጻፍ ካያችሁ ጸሐፊው ጥናቱን አላነበበም።

አሁን ወደ ልቅሶ ቤቱ አረፍተ ነገር እንመለስ። በሁለቱም ጥናቶች አይጦቹ ካንሰር የያዛቸው በመርፌ ነው። ካንሰሩ ተሠርቶ ያለቀ፣ ከውጭ የገባ ነው። የተጠየቀው «ካለ በኋላ ምን ያፋጥነዋል?» ነው እንጂ «ከየት መጣ?» አይደለም። ወደ መነሻው ቀረብ ያለው በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የኒው ዮርኩ የፖል ፍሬኔት ቡድን የፕሮስቴት ጥናት ነው፤ ሲምፓቴቲክ ነርቮቹ ቀድመው ሲጠፉ የፕሮስቴት ካንሰር የመጀመሪያ ደረጃዎች ታግደዋል። ሆኖም እዚያም አይጦቹ ወይ ሴል ተጨምሮባቸዋል፣ ወይ ካንሰር እንዲያወጡ ጂናቸው ተለውጧል። ደግሞ ያው ጥናት ነገሩን አወሳሰበው፦ ካንሰሩን ያሠራጩት ሲምፓቴቲኮቹ ሳይሆኑ የ«እረፉ፣ ተረጋጉ» ነርቭ የሚባለው የፓራሲምፓቴቲኩ ክሮች ናቸው። መረጋጋት ያድናል ለሚል ሰው ይህ ምቹ ዜና አይደለም።

ሰው ላይ ሲጠየቅስ? በ2013 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ትንተና በአውሮፓ የተሠሩ 12 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ወደ 116,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ተመልክቷል። ከመካከላቸው ወደ 5,700 ገደማ ካንሰር ይዟቸዋል። የሥራ ጭንቀት ካለባቸውና ከሌለባቸው መካከል በካንሰር የመያዝ ልዩነት አልተገኘም፤ በጡትም፣ በሳንባም፣ በአንጀትም፣ በፕሮስቴትም። የሥራ ጭንቀት ሐዘን አይደለም፣ ጦርነትም አይደለም፤ እሱን እቀበላለሁ። ቢሆንም «ጭንቀት ካንሰር ያመጣል» የሚል ሰው ይህን ቁጥር ዘሎ ማለፍ አይችልም።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አምጡልኝ። ብርዱን።

አይጥ ትንሽ ናት፤ ሙቀቷ ቶሎ ያመልጣል። ሳትለፋ ሙቀቷን ጠብቃ የምትኖረው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ቤተ ሙከራዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ 22 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ለምን? ነጭ ጋዋን ለለበሰው ሰው ስለሚመች። ቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮዝዌል ፓርክ የካንሰር ማዕከል የኤልዛቤት ሪፓስኪ ቡድን በ2013 ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ አይጦቹን ብናሞቃቸውስ? 30 ዲግሪ ላይ ያሉት አይጦች የካንሰር ዕጢ በዝግታ አደገ፣ ስርጭቱም ቀነሰ። መከላከያቸው የጎደለ አይጦች ላይ ግን ሙቀቱ ይህን ጥቅም አላመጣም፤ ማለት ሥራውን የሚሠራው ዘበኛው ነው። በኋላ የዚያው ቡድን ሥራዎች አገናኙን ነርቭ አሳዩ፦ የበረዳት አይጥ ሙቀት ለማምረት ሲምፓቴቲክ ሥርዓቷን ሌት ተቀን ትነዳለች፣ ኖርአድሬናሊኑም ቲ ሴሎቿን ያደክማል። ለበረዳቸው አይጦች ቤታ መቀበያን የሚደፍን መድኃኒት ሲሰጥ የካንሰር ኢሚዩኖቴራፒ የተሻለ ሠራላቸው።

ምን ማለት እንደሆነ ተመልከቱ። «ያልተጨነቁ» ተብለው ለማነጻጸሪያ የተቀመጡት አይጦች እኮ ተጨንቀው ነበር! ሚዛኑ ላይ ምንም ሳይቀመጥ ግማሽ ኪሎ ያሳይ ነበር ማለት ነው። ይህ የ2006ቱንም የ2010ሩንም ውጤት ሐሰት አያደርገውም። ከ«ጭንቀትና ሰላም» ንጽጽርነት ግን ወደ «ጭንቀትና የባሰ ጭንቀት» ንጽጽር ይቀይረዋል። ከዜሮ ሲነሳ ምን እንደሚመስል ከእነዚያ ገጾች ማንበብ አንችልም። የማፈኑን ሙከራ 30 ዲግሪ ላይ መድገም የመጀመሪያው ነገር መሆን ነበረበት ብዬ አስባለሁ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለው። አይጧ አላዘነችም። አልተፈታችም፣ ልጇ አልተሰደደባትም፣ ማንም አላስቀየማትም። በርዷት ነው። ኖርአድሬናሊን «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም፤ መቀበያ ካገኘ ይቀመጣል። ስለዚህ እነዚህ ጥናቶች በትክክል ሲነበቡ ስለ ስሜት አይደሉም፤ ስለ ነርቭና ስለ ሞለኪውል ናቸው። በሐዘንና በካንሰር ዕጢው ውስጥ ባለው ኖርአድሬናሊን መካከል ረጅም መንገድ አለ፤ መንገዱም በመገመት ሳይሆን በመለካት ነው የሚሞላው።

ያልተለካው እንደተለካ ሲነገር ምን እንደሚመጣ አንድ ጊዜ ታይቷል። በ1989 ላንሴት ላይ 86 የተሠራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። በቡድን ተሰባስበው ችግራቸውን ሲወያዩ የነበሩት፣ ካልተወያዩት በአማካይ እጥፍ ያህል ቆዩ ተባለ። ዜናው ዓለምን ዞረ። በ2001 ግን 235 ሴቶች የተሳተፉበት ተመሳሳይ ሙከራ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ሲወጣ ዕድሜ አላስረዘመም። ውይይቱ በተለይ በጣም ተጨንቀው የነበሩትን አረጋግቷል፣ ሕመማቸውንም አቅሎላቸዋል፤ ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ መረጋጋት ዕድሜ ባይቀጥልም ይፈለጋል። ነገር ግን በመካከሉ በነበሩት 12 ዓመታት ስንቷ ታማሚ «በደንብ አልተረጋጋሁም መሰለኝ፣ ለዚህ ነው የባሰብኝ» ብላ ይሆን? ወሬው ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ጋ ነው። በሽታው ሳያንስ፣ ጥፋተኝነትም ይጨመርባታል።

ሰው ላይ ነርቩን በቀጥታ የሚነካ መድኃኒትስ? ፕሮፕራኖሎልና መሰሎቹን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ለደም ግፊት ሲወስዱ ስለኖሩ፣ የሐኪም መዝገብ ማገላበጥ ቀላሉ መንገድ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከሕመሙ በኋላ ክኒኑን የጀመሩትን ቆጥራችሁ «ብዙ ቆዩ» ብትሉ፣ ክኒኑን ለመጀመር መጀመሪያ በሕይወት መቆየት ያስፈልግ እንደነበር ረስታችኋል። የጋብቻቸውን 50ኛ ዓመት ያከበሩ ሰዎች ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ የቆረሱት ዳቦ ነው ያስረዘመው? በዚህ ዘርፍ ከተደረጉት ጥናቶች መካከል በዚህ ጉድጓድ የገቡ አሉ፤ ጉድጓዱን ተጠንቅቀው ሲያልፉ የክኒኑ ጥቅም የጠፋባቸውም አሉ። በ2011 የወጣው የአየርላንድ ጥናት አመለጠ፤ የቆጠረው ካንሰሩ ከመታወቁ በፊት በነበረው ዓመት የወሰዱትን ነው። ፕሮፕራኖሎል የወሰዱት ሲመረመሩ ካንሰሩ ብዙ ሳይሄድ ተገኘባቸው፤ በዋናነት የልቡን ቤታ 1 ብቻ የሚደፍነውን አቴኖሎል የወሰዱት ግን ልዩነት አላሳዩም። ከአይጦቹ ታሪክ ጋር ልክ ይገጥማል፤ ቤታ 2 ነዋ ጉዳዩ። ያው የፕሮፕራኖሎሎቹ ሴቶች 70 ብቻ ነበሩ። ሰባ ሰው ላይ ቤት አይሠራም።

ስለዚህ ዕጣ አውጥቶ መመደብ የግድ ነው። ይህን ካደረጉት አንዱ በ2020 የወጣው የአውስትራሊያ ሙከራ ነው። ኤሪካ ስሎን እዚህም አለችበት፤ ከአይጥ ወደ ሰው 10 ዓመት ፈጀባት። የጡት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ 60 ሴቶች ገሚሶቹ ፕሮፕራኖሎል፣ ገሚሶቹ የማስመሰያ ክኒን ወሰዱ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለ7 ቀን ብቻ። ፕሮፕራኖሎል በወሰዱት የካንሰር ዕጢ ውስጥ ሴሎች ከቦታቸው ተነቅለው እንዲጓዙ የሚያዘጋጁት ጂኖች ሥራቸው ቀነሰ። ከዚያ በፊት በ2017 እስራኤል ውስጥ በ38 ሴቶች ላይ ፕሮፕራኖሎል ከጸረ ብግነት መድኃኒት ጋር ለ11 ቀን ተሰጥቶ ወደ ተመሳሳይ አቅጣጫ ጠቁሟል።

የቀዶ ሕክምና ሰሞን መመረጡ ብልህነት ነው። ከቢላዋው በፊት ፍርሃት፣ ከቢላዋው በኋላ ቁስል፤ ሲምፓቴቲኩ ከሁሉም ጊዜ ይልቅ የሚጮኸው ያን ሰሞን ነው፣ የተረፈ የካንሰር ሴል ካለም የሚያመልጠው ያኔ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ልክ ሳይሆን ለጥቂት ቀን ብቻ ሽቦውን ዝቅ ማድረግ። መሐንዲስ የሚወደው ዓይነት መፍትሔ ነው። (ማንም ግን ተነስቶ ከፋርማሲ እንዳይገዛው፦ ፕሮፕራኖሎል የአስም በሽተኛን ትንፋሽ ሊያሳጣ፣ ልብን ከልክ በላይ ሊያዘገይ ይችላል፤ ሲወስደው የኖረ ሰው በድንገት ማቆሙም አደጋ አለው።)

ሁለቱ ሙከራዎች የለኩት ጂንና ምልክት ነው። ስንቶች ከ5 ወይም ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት እንዳሉ ለመናገር የተሰናዱ አልነበሩም፤ 98 ሴቶች ተደምረው ለዚህ አይበቁም። ያንን ለማወቅ ብዙ ሺህ ሴቶች፣ ብዙ ሆስፒታሎች፣ ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍልለት መድኃኒቱን የሚሸጠው ኩባንያ ነው። የፕሮፕራኖሎል ፓተንት ካለፈ ግን አሥርት ዓመታት ሆነው፤ ማንኛውም ፋብሪካ በርካሽ ሊሠራው የሚችል ክኒን ነው፤ ስለዚህ ለሙከራው ገንዘቡን የሚያወጣ ኩባንያ ከየት ይመጣል? የሚቀሩት መንግሥታት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና በጎ አድራጊዎች ናቸው። «ጭንቀት ካንሰር ያመጣል» የሚለው አረፍተ ነገር ደግሞ ለመሠራጨት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።